ብርዱ እስኪያልፍ

አያቴ ቤታችን የመጣው ብርዱ እስኪያልፍ ብሎ ነበር። ብርዱ ለማለፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት።

የአባቴ አባት ነው፤ እናቴን ጨምሮ ሁላችንም «አባባ» ነበር የምንለው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን መኖሩን ሲያስብ አባቴ ሆዱ አልችል አለው። ሲለምነው ከርሞ ሲለምነው ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት ቡናማ ሻንጣ አስይዞ አመጣው። አባባ ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ብርዱ እስኪያልፍ ነው» አለ። እናቴም «እሺ አባባ፣ ብቻ ይግቡ» አለችው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሰው ቃል እንደ ወረደ የማምን ልጅ።

ሻንጣዋን ከክፍሉ በር ኋላ አቆማት። ልብሱን ቁምሳጥን ውስጥ አልሰቀለም። ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ከሻንጣው ያወጣል፤ እናቴ አጥባ ተኩሳ ስትሰጠው አጣጥፎ ወደ ሻንጣው ይመልሰዋል። እናቴ ለእሱ ብላ ባዶ ያደረገችው ቁምሳጥን ባዶውን ከረመ። አባቴ ኩሽና ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሻንጣውን አየሽው? ተነሱ ሲሉት የሚነሳ መንገደኛ መስሏል እኮ። እዚያ ቤት ብቻውን ሆኖ አንድ ነገር ቢሆን…» ይልና ሳይጨርሰው ይቀራል። እናቴ «እኔ እንጃ፣ ምን እንዳጎደልንበት አላውቅም» ትለዋለች። እኔ በሩ ሥር ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። አባባ እንዲሄድ አልፈልግም ነበር። በቤቱ ውስጥ ስናገር እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠኝ እሱ ብቻ ነበር፤ በሁሉም ነገር ላይ ፍርድ ስለምሰጥም «ዳኛዬ» ይለኝ ነበር።

አባባ አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። የተጋጨ መኪና ይመጣለታል። እሱ ጎድጓዳውን ስቱኮ በሚባል ሊጥ መሳይ ነገር ይሞላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ ይቀባዋል። አባቴ እንደሚለው ባለመኪናው ራሱ የቱ ጋ እንደተጋጨ ይጠፋው ነበር። እኛ ቤት ሲመጣ ግን ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ እኛም ያላየን መስለን ሌላ ሌላ ቦታ እናያለን።

እናቴ ዳቦ ቤት ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆማ ትውልና ማታ ቤት ገብታ እንደገና ትቆማለች። አባባ አንድ ነገር ሊያግዛት ብድግ ሲል ቶሎ ትቀድመዋለች። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሰምቶ መፍቻ ሲፈልግ፣ «ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ፣ አይድከሙ።» መጥረጊያ ሲያነሳ አባቴ ከእጁ ይቀበለዋል፤ «አይድከሙ።» እኔም ከእነሱ ተምሬ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ሲል «አይድከሙ» ብዬው አውቃለሁ። አንድ ቀን ምድጃው ፊት ተቀምጦ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ካልደከምኩ ምን ልሁን እንግዲህ?» አለ። እኔን የጠየቀኝ መስሎኝ «ይተኙ» አልኩት።

ምድጃው ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። ቤቱን የሠራው ሰው የሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ አፈ ሰፊ የድንጋይ ምድጃ አሠርቶበታል። እንጨቱን ይበላል፣ ሙቀቱን በጭስ ማውጫው ወደ ላይ ይልካል፣ ጭሱን ለእኛ ይተውልናል። አባቴ «ይሄ ምድጃ የሚያሞቀው ሰማዩን ነው» ይል ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ የሰው ወሬ ሁሉ ይደርሰዋል፤ አንድ ቀን በድሮ ምድጃ አፍ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ የመስታወት በር ያለው የብረት ሣጥን እንደሚሸጥ ሰምቶ መጣ። እንጨት ይቆጥባል፣ ጭሱን አያስመልስም፣ ቤቱን ምድጃ ሳይሆን ምጣድ ያደርገዋል ተብሏል። እናቴ ደስ አላት። አባባ «ጥሩ ነው» አለ።

እኔ ግን ሣጥኑን ገና ሳላየው ጠላሁት። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሣጥኑ ሲገባ ቤቱ ይሞቃል። ቤቱ ሲሞቅ ብርዱ ያልፋል። ብርዱ ሲያልፍ አባባ ሻንጣውን ያነሳል። ትልልቆቹ ይሄ እንዴት እንደማይታያቸው ገረመኝ። እራት ላይ «እኔ ብርድ ደስ ይለኛል» ብዬ ሞከርኩ። አባቴ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን ዳሰሰ።

ሣጥኑን ሊገዙ ሲሄዱ አራታችንም ሄድን። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነበር፤ ብረት ብረት ይሸታል። ባለሱቁ ምላሱ የማይደርቅ ሰው ነው። የሣጥኑ መጠን ከታወቀ በኋላ «እንግዲህ የሚቀረው ምን ይልበስ የሚለው ነው» ብሎ መጽሐፍ የሚያክሉ ሦስት የብረት ቁራጮች ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«ይሄ ኒኬል ነው። ያብለጨልጫል፤ ግን ጣት ሁሉ ይታይበታል» አለና ጣቶቼን አየ። «ይሄ ደግሞ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ነው። ደህና ነው፤ ሦስት አራት ዓመት ሲቆይ በሩ አካባቢ ይገረጣል፣ ያኔ ታድሱታላችሁ። ይሄኛው ግን…» ሦስተኛውን አነሳና ለእናቴ ሰጣት። «ይሄ ቀለም አይደለም እትዬ። የተፈጨ ብርጭቆ ነው፤ ብረቱ ላይ ተነስንሶ በእቶን ይጋገራል። ድስትና ኩባያ ላይ የሚያዩት ዓይነት ነው። አይገረጣም፣ አይዝግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልወል ነው። በመዶሻ ካልመቱት በቀር ዕድሜ ልክ ነው።»

ሰማያዊ ነበር። ጥልቅ ሰማያዊ፣ ከውስጡ መብራት ያለበት የሚመስል። እናቴ መጀመሪያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ከዚያ ነካችው። እናቴ ለራሷ አንድ ነገር ፈልጋ አይቻት አላውቅም ነበር፤ መፈለግ ፊቷን ምን እንደሚያስመስለው ያየሁት ያን ቀን ነው። «ሳሎናችን ውስጥ ታየኝ» አለችው ለአባቴ። እሱም «ካማረሽ እሱ ይሁን፣ አለቀ» አላት።

ይሄን ጊዜ አባባ ጥቁሩን ቁራጭ ይዞ መስኮቱ ጋ ሄዶ ነበር። ወደ ብርሃኑ ያዘነብለዋል፣ አውራ ጣቱን ያስኬድበታል፣ እንደገና ያዘነብለዋል። ቅንድቡ ተሰብስቧል። «ይሄን የቀባው ልጅ ቸኩሏል» አለ። «የታችኛው ሳይደርቅ የላዩን ደርቦበታል። እዩት፣ እዚህ ጋ ተኮማትሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ባለሱቁ «አባት፣ ናሙና እኮ ነው» ብሎ ሳቀ። አባባ አልሰማውም። ብረት ከመቀባቱ በፊት እንዴት እንደሚታሽ፣ አቧራው በምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚነሳ፣ በየትኛው አየር ቀለም እንደማይነካ ይናገር ጀመር። ከመጣ ወዲህ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

እናቴ ሰማያዊውን በሁለት እጇ እንደያዘች ዓይኗን ከአባባ ላይ ሳትነቅል ቆየች። ከዚያ ቁራጩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ፣ የተኛ ልጅ እንደሚያስቀምጥ ሰው። «ጥቁሩ ይሁን» አለች።

«ምን?» አለ አባቴ።

«ጥቁሩ። ሣጥኑን ሳትቀቡ ስጡን፤ ቀለሙን ለብቻው በጣሳ።» አባቴ አፉን ሲከፍት አየችው፤ አባቴም አፉን ዘጋ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ፍርዴን ሰጠሁ። አባባ ፊቱን አጨማድዶ እናቴን ሰማያዊውን አስከለከላት። እሷም አማቷ ስለሆነ አክብራ ዝም አለች፤ ግን ቂም ይዛለች፤ ቂም የያዘ ሰው ደግሞ እንግዳ አያቆይም። ሣጥኑ ሳይገባ አባባን ሌላ ነገር ሊያስወጣው ነው። ባለሱቁም ያዘነላት መሰለኝ፤ «ካማረዎትማ ይውሰዱት፣ ጥጉ ስለተሸረፈ ለማሳየትም አይሆነኝም» ብሎ ሰማያዊውን ቁራጭ ሰጣት። እናቴ እምቢ አላለችም። ቤት ስትገባ ኩሽና ውስጥ አስቀመጠችውና ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኩስ ድስት ማሳረፊያ ሆነ።

ዛሬ ሳስበው የአባባ ቅንድብ የተሰበሰበው በጥቁሩ እንጂ በሰማያዊው አልነበረም። የዚያን ልጅ የችኮላ ሥራ እያየ፣ ምናልባትም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደስ ብሎት ነበር። የሚሠራ ሰው ሲደሰት እንደሚኮሳተር የገባኝ ራሴ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ ሰማያዊውን ጨርሶ ያየው ስላልመሰለኝ እናቴ የተወችለትን ነገር ሳያውቅ ሞተ ብዬም አስብ ነበር። በዚህም ተሳስቼ ነበር፤ እመጣበታለሁ።

ማታ ገበታ ላይ እናቴ ምግቡን እያቀረበች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ባለሱቁ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ መቀባት አለበት ብሏል» አለች።

«ሦስት አራት ዓመት ነው ያለው» አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አባቴ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለኝና አጎንብሶ ጉርሻውን ማኘክ ቀጠለ። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ ገብቼ ነው የተቆነጠጥኩት ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ አባቴ፣ በቃሉ ያጠናውን እንደሚወጣ ተማሪ፣ «በየዓመቱ ማን ይቀባዋል ታዲያ?» አለ።

«እኔ ጊዜ የለኝ። አንተ አታውቅበት» አለች እናቴ።

አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ» አለ። ይሄን አፉን ሞልቶ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው፤ ሁላችንም ሌላ ቦታ ማየት ጀመርን። እናቴ ግን ፊት ለፊት አየችው።

«ምድጃ ነው አባባ፤ ሙሽራ የሚሄድበት መኪና አይደለም።»

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አለ አባቴ ከሳህኑ ሳይቀና። አባቴ ብዙ መልካም ነገር የተሰጠው ሰው ነበር፤ ማስመሰል ግን አልተሰጠውም።

እኔ ደነገጥኩ። ጫማ እንዳያስር የምትከለክለው እናቴ የሚንቀጠቀጥ እጁን እያወቀች የብረት ሣጥን ልታስቀባው ነው። ተበቀለችው ብዬ ደመደምኩ። አባባ ግን ከገበታው ተነስቶ መለኪያ ጣሳ ፍለጋ ጓዳ ገባ፤ ማንም «አይድከሙ» አላለውም።

ሣጥኑ ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ሥር፣ ሁለት ጣውላ ላይ ተቀመጠ። አባባ ከቡናማዋ ሻንጣ ሥር፣ ከሸሚዞቹ በታች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ብሩሽ አወጣ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያለሁ። መጀመሪያ ብረቱን አሸው፤ ድምፁ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ አቧራው ቅንድቡ ላይ ያርፋል። ሲቀባ እጁ አላረፈም፤ ያው ይንቀጠቀጥ ነበር። ግራ እጁን ከሥር አስገብቶ የቀኙን አንጓ ደገፈው፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ሳበ። ያዘ፣ ሳበ። «ዳኛዬ፣ ቀጥ ብሏል?» ይለኛል። ትንሽ ይጣመም ነበር። «ቀጥ ብሏል» እለዋለሁ። በዚያ ሥራው ላይ እኔም መዋሸት ጀመርኩ።

እናቴ ጠዋት ወደ ዳቦ ቤት ስትወጣ ቆም ብላ «ባለሱቁ ከዚህ ቀለም ሌላ ምንም እንዳይነካው ብሏል አባባ» አለችው። እሱም ሳይዞር እጁን አወዛወዘ፤ አርባ ዓመት ቀብቻለሁ ማለቱ ነው። ብረቱ የተበየደበት መስመር ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ማንም ሰው እንዲሁ ቀብቶት ያልፍ ነበር፤ አባባ ግን መኪና ቀቢ ነው፣ ጎርባጣ እያየ ማለፍ አያውቅበትም። ከድሮ ጋራዡ ስቱኮ አስመጣ። መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሞላው፣ አሸው፣ ከላዩ ቀባው። ብየዳው ጠፋ። ሣጥኑ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ መሰለ። አባባ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየውና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ሆነው ሣጥኑን ምድጃው ውስጥ አስገቡት፣ ከጭስ ማውጫው ጋር ገጠሙት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተለኮሰ። ባለሱቁ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን ብሎ ነበር፤ አባቴ ግን ስንት ዘመን ሲበርደው የኖረ ሰው ስለሆነ እንጨቱን እስከ ላይ ሞላው። መስታወቱ ውስጥ እሳቱ ተነሳ። እንዴት እንደሚያምር! ሁላችንም ተጠጋን፤ ሣጥኑን የጠላሁት እኔ እንኳ ተጠጋሁ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ጎማ የተቃጠለ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ቀጥሎ ቀለሙ ላይ ጥቃቅን ፊኛዎች ተነሱ። ከዚያ ያ የተሞላው መስመር እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ትልቅ ቁራጭ ጧ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። የመኪና ስቱኮ እሳት አይችልም። አርባ ዓመት የሠራበት ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ መኪና እሳት ውስጥ ስለማይገባ አስቦት አያውቅም። እናቴ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች፤ ብርዱ ገባ፤ ሁላችንም እያሳልን ጭሱን በጨርቅ እናባርራለን። ሌላ ቁራጭ ወደቀ። አባባ አልተንቀሳቀሰም።

«አበላሸሁት» አለ። ወደ ክፍሉ ገባ። የሻንጣዋ ክዳን ቀጭ ሲል ሰማሁ።

በቃ፣ ነገሩ አለቀ አልኩ በልቤ። ሰማያዊውን ከለከላት፣ ጥቁሩን አበላሸባት። አሁን «ይሂዱ» ትለዋለች። እናቴ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ክፍሉ ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። አባባ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሻንጣዋ ጉልበቱ ላይ ናት።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ብርዱ አልፏል መሰለኝ» አለ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ነው ይሄን የሚለው።

«እና ይሄን ማን ሊያስተካክለው?»

«ቀቢ ጥሩለት።»

«ቀቢማ አለን» አለች እናቴ። ድምፏ ቆጣ ያለ ነበር፤ ዳቦ ሊገዛ ተራ ከሚዘል ሰው ጋር የምትነጋገርበት ድምፅ። «አሁን ብርድ ነው፣ ወደ ውጭ ማውጣት አይቻልም። እንዲሁ ተልጦ ይክረም። ለከርሞ ፍቀው እንደገና ይቀቡታል።»

«ለከርሞ?» አለ አባባ።

«ለከርሞ ነዋ። በየዓመቱ ነው የሚቀባው አላልኩም?»

አባባ ሻንጣውን አየ። ሳሎን ውስጥ ሌላ ቁራጭ ሲወድቅ ተሰማ። በመጨረሻ፣ «ለከርሞ ስቱኮ አይገባበትም» አለ።

«አይገባበትም።»

«ብየዳውን በሞረድ ነው ማስተካከል። ደግሞ ስስ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ።»

«እርስዎ ያውቃሉ» አለች እናቴና እሳቱን ልታይ ወጣች። አባባ ኮቱን አወለቀ። ሻንጣዋን ከፈተ፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ደረደረ። ብሩሹን ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠ። እኔ ፍርዱን በራሴ ቋንቋ ተረጎምኩት። እናቴ ቀጣችው፤ ያበላሸ ሰው እስኪያስተካክል ድረስ አይሄድም። ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ግን ፍትሐዊ ነው አልኩ። ደስ ብሎኝም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያን የብርድ ወራት ሣጥናችን ልጡ እንደተላጠ ዛፍ ሆኖ ከረመ። በቀጣዩ ዓመት አባባ በሞረድ አስተካክሎ ስስ አድርጎ ቀባው፤ አማረ። በሚቀጥለው ዓመትም መቀባት አያስፈልገውም ነበር፤ እሱ ግን ቀባው። ከዚያ በሚቀጥለውም። ብርዱ ሊገባ ሲል ቤታችን ቀለም ቀለም ይሸታል፤ እኔ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣ ሰው የሚመጣ ይመስለኛል። ከሣጥኑ ቀጥሎ የበሩን ማጠፊያ፣ ከዚያ የግቢውን በር፣ ከዚያ የጎረቤቶችን መስኮት ያዘ። «ጊዜ የለኝም» ማለት ጀመረ። ሰማያዊው ቁራጭ ደግሞ ኩሽናው ውስጥ ቀን በቀን ትኩስ ድስት እየተቀመጠበት፣ እየተፈገፈገ፣ ቅንጣት ሳይገረጣ ቆየ። ባለሱቁ አልዋሸም ነበር።

በመጨረሻው ዓመት አባባ ብሩሹን መያዝ አቃተው። ወንበር ላይ ተቀምጦ «ከላይ ወደ ታች! ትንፋሽሽን ያዢ!» እያለ የቀባሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን፣ እኔ ሳልኖር፣ እናቴ ሻይ ስታቀርብለት «ልጄ» ብሎ ጠራት። «ሰማያዊው ያምር ነበር፣ አይደል?»

«የቱ ሰማያዊ?» አለችው እናቴ።

«የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው» አላት። ከዚያ ሻዩን ጠጣ። ይሄን እናቴ የነገረችኝ አባባ ከተቀበረ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠብን ስለ ቁንጥጫውም፣ ስለ አባቴ አጉል ትወናም፣ ሱቅ ውስጥ ስላቀረረችው እንባም ነገረችኝ። «ለእሱ ነበር እንባው?» ብላት፣ «ለእሱም ነው» አለች። «ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለሰማያዊውም ነው።»

አባቴ ካረፈ አሁን ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዘንድሮ እናቴን ለምኜ ለምኜ ቤቴ አመጣኋት። በሩ ላይ ቆማ፣ ሻርፗን ሳታወልቅ፣ «ብርዱ እስኪያልፍ ነው» አለች። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ሻንጣዋ ከበሩ ኋላ ቆመች። ልብሷን ቁምሳጥን ውስጥ አልሰቀለችም።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፤ ከአባባ ታሪክ ተምሬያለሁ። ሰው ሥራ ሲያጣ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ «አትድከሚ» የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ተጠነቀቅኩ። ሳህን ስታጥብ አልከለከልኳትም። የምትተኩሰው ልብስ ተውኩላት፣ የምትለቅመው ምስር ገዛሁላት። ሻንጣዋ ግን ከበሩ ኋላ አልተነሳችም። አንድ ቀን ኩሽና ስገባ ድስቱ ሥር ያ ጥጉ የተሸረፈው ሰማያዊ ቁራጭ ተቀምጧል፤ ከቤቷ ይዛው መጥታለች። ለትዝታ ነው ብዬ አለፍኩ።

ቤቴ ውስጥ ያረጀ የግድግዳ ምድጃ አለ። ዘንድሮ ሣጥን ላስገባለት ወሰንኩና እናቴን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ሰፊ ነው፤ ሻጩ ወጣት ነው፤ ቁራጮቹ ግን ያው መጽሐፍ የሚያክሉ ናቸው። አሥራ ምናምን ቀለም ደረደረልን። እኔ አስቤ የመጣሁትን አውቃለሁ። ጥቁሩን አነሳሁ።

«ይሄ ይሁን» አልኩ። «ሳትቀቡ ስጡን፣ ቀለሙን ለብቻው። በየዓመቱ መታደስ አለበት አይደል እማዬ? አንቺ ታውቂበታለሽ።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። የድሮ ቁንጥጫዋ የሚመጣ መስሎኝ ጭኔን ሰበሰብኩ። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና፣ በፎጣ የተጠቀለለውን ቁራጭ አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ ከጥቁሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ሰማያዊው ከሱቁ አዳዲስ ቁራጮች ሁሉ ይበልጥ ያበራ ነበር።

«እኔ መኪና ቀቢ ነኝ እንዴ?» አለች። «አባባ ተቀመጡ ሲሏቸው ይታመሙ ነበር። እኔን ተቀመጪ ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።» ወደ ሻጩ ዞረች። «ይሄን የሚመስል አላችሁ?»

ሻጩ ቁራጩን አገላበጠ። «አለ እማማ። ይሄ በእሳት የተጋገረ ነው፤ ዕድሜ ልክ ነው የሚቆየው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እንግዲህ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነገር አስገብቼ፣ ብርዱ አለፈ ብዬ ጥዬው ልሄድ አይደለም።»

ሣጥኑ ከገባ በኋላ እሳቱን ትንሽ አድርጌ ለኮስኩ። አንድም ነገር አልሸተተም። እናቴ ከኩሽና ጨርቅ ይዛ ወጣች፤ ያልቆሸሸውን ልትወለውል ነው። ጨርቁን ከእጇ ተቀበልኳት፣ ወንበሩን ወደ ምድጃው አስጠጋሁላት።

«ተቀመጪ እማዬ» አልኳት፣ «አትድከሚ።»

ተቀመጠች።